በዚያ ስም የምትጠራ የለችም

ስሜነሽ ብሥራት ዳንግላ ካማቷ ቤት ከገባች ስምንት ወሯ ነው። በሠርጉ ሰሞን አማቷ እማማ እንቁ በአገሩ ወግ «እናታለም» ብለው ስም አወጡላት። ከዚያ ወዲህ ባሏ ሀብቱም ሆነ ጎረቤቱ የሚጠራት በዚሁ ነው። ስሙን ትወደዋለች፤ ይህ አይካድም።

ከሐሙስ ወዲህ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። እንጅባራ ሄዳ ድረ ገጽ በሚሠራ ቢሮ ለቅጥር ተፈትናለች፤ ካለፈች እስከ ማክሰኞ ይደወላል። የራሷ ስልክ ውሃ ገብቶበት ስለተበላሸ የሰጠችው የእማማ እንቁን ቁጥር ነው።

ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ፈተናው ይዞርባታል። የጠየቋት ፒኤችፒ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ መረጃ የሚያዝበት ቫሪያብል እንዴት ስም እንደሚወጣለት ነበር። ከፊቱ የዶላር ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክቱ ቀጥሎ ቁጥር አይገባም፤ በመሀሉ ክፍት ቦታ አይተውም፤ የእንግሊዝኛው ትልቁና ትንሹ ፊደልም ይለያያል። ይህን ተኝታም ትለዋለች። እረፍት የነሳት የመጨረሻው ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው መረጃውን ከላይ በአንድ ስም አስቀምጦ ከታች በሌላ ስም ቢጠራው ምን ያገኛል? «ባዶ» ብላ ጻፈች፤ ሰረዘች፤ መልሳ ጻፈች። ወረቀቱን ስትሰጥ ተሰርዞ ይሁን ተጽፎ አሁን ጨርሶ ትዝ አይላትም።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ስልኩን ለሃያኛ ጊዜ ስታይ እማማ እንቁ አንድ ነገር አነሱ። ጧት እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ አንድ ሰው ቁጥር ተሳስቶ ሁለቴ ደውሎ አድርቋቸዋል። መጀመሪያ በዚያ ስም የምትጠራ እዚህ ቤት የለችም አሉት፤ ሲደግም ተቆጡት።

ስሜነሽ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ማንን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀች።

«እንጃ እቴ፣ ስሜነሽ ነው መሰለኝ ያለው» አሉና እጃቸው ሳህኑ ላይ ቆመ።

መናደድ ፈልጋ ነበር፤ የቀደማት ግን እንባ ነው። ጥፋቱ የሷም ነው። ቁጥሩን ስትሰጥ፣ በአባቴ ቤት ስሜ ይጠሩኛል ብላ ለአማቷ መንገር ረስታለች። ስሙም በስምንት ወር አንዴ እንኳ በዚህ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

እማማ እንቁ እጃቸውን ሳይታጠቡ ደወሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ። በሦስተኛው ሲነሳ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ጧት የተቆጣሁህ ሴትዮ ነኝ ልጄ። ስሜነሽ አለች። ስሜነሽ ብሥራት፣ እዚሁ ከኔ ጋራ ናት።»

ሰውየው ለተከታዩ ተፈታኝ ሊደውል ስልኩን አንስቶ እንደነበር ነገራቸው፤ ነገ ሁለት ሰዓት ትድረስ አለ። እማማ እንቁ ስልኩን ዘግተው ተቀመጡ። ፊቷን ማየት ስለከበዳቸው የመጀመሪያው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቋት።

በማግስቱ እንጅባራ የቅጥር ቅጽ ሰጧት። በስም ቦታ ስሜነሽ ብሥራት ብላ ሞላች። በስልክ ቦታ ያንኑ የአማቷን ቁጥር ጻፈችና አጠገቡ በደቃቅ ጽሕፈት ጨመረች፦ «የለችም ካሏችሁ፣ እናታለምን ጥሩልን በሏቸው።»