አባቴ የጠበቁት ፈተና

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ሰው ሲሞትም የሐዘን ልብስ እሰፋለሁ። ስለ ሕክምና ተናገሪ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ግን የሐኪም ፈተና ከወንድሜ እኩል አጥንቻለሁ ብል ውሸታም የሚለኝ ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ። እሱ የተማረው ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም የኖረው እኔ ቤት ነው፤ ጥያቄውንም የማነብለት እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ሆስፒታል መግባት የጀመረ ሰሞን እራት ላይ የሚያወራኝ ስለ ሰው ነበር። ከአምበር ልጇን አዝላ ስለመጣች ሴት፣ ዕርቅ ላይ ካልተገኘሁ ብለው ከነሕመማቸው ከአልጋ ስለወረዱ ሽማግሌ። አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ስለ አንድ ሰው ሳል ሲያወራ ያመሻል። ብላ እንጂ እያልኩ እቆጣዋለሁ፣ በሆዴ ግን እኮራበት ነበር።

ከዚያ ከሱ በፊት የተመረቀ፣ እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያየው የመርጡለ ማርያም ልጅ የሙያ ፈቃዱን ፈተና ወደቀ። ከሕመምተኛ አጠገብ የማይጠፋ፣ ነርሶቹ ሲቸግራቸው የሚጠሩት ልጅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ዘመድ በእልልታ ተቀብሎት፣ ፈቃድ የለህም ተብሎ መርፌ እንኳ ሳይነካ አባቱ እርሻ ላይ ቀረ። ወንድሜ ይህን የሰማ ቀን እራቱን ወደዚያ ገፋ።

"እታለም፣ ሕመምተኛ አያሳልፍም" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ወሬው ሁሉ ይኼ ለፈተና ይመጣል፣ ያ አይመጣም ብቻ ሆነ። ብቻውንም አልነበረም፤ ጓደኞቹም ያው ናቸው። አስተማሪው አልጋ አጠገብ ቆሞ ሲያስረዳ ይኼ ለፈተና ብዙም አይመጣም ካለ፣ ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ሌላ ጥያቄ ይሠራል፤ የተኛው ሰውዬ ጣራ ጣራውን ያያል። ይህን ሲነግረኝ አያፍርም። ማን ያፍራል፣ ሁሉም እንዲያ ሲያደርግ!

የቆዳ ክፍል የተመደበ ጊዜ ከሰዓት በኋላ እየቀረ ቤት ያጠና ጀመር። እዚያ እግራቸው ያበጠ ገበሬዎች ይመጣሉ፤ ማጠቡን፣ ቅባቱን፣ በፋሻ መጠቅለሉን የሚያሳዩዋቸው ከሰዓት ነበር። ለምን ቀረህ ብዬ ጠየቅሁት። የቆዳ ጥያቄ እኮ ጥቂት ናት፣ የሚያሳልፈው የውስጥ ደዌና የሕፃናት ነው አለኝ። ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ፤ የያዝኩትን ስፌት ግን ሁለቴ ፈታሁት። የአባታችንን እግር አውቅ ነበራ።

አባታችን ደብረ ኤልያስ ገጠር ነው የሚኖሩት። ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው አርሰው ነው ያሳደጉን። እግራቸው ማበጥ ከጀመረ ብዙ ጊዜው ነው፤ እያደር ግን ቆዳው ደደረ፣ ጣቶቻቸው ላይ እባጭ ወጣ፣ በመሀል በመሀሉ እየቆሰለ ይሸት ጀመር። ረጅም የላስቲክ ቦቲ ገዙና እግራቸውን እዚያ ውስጥ ደበቁ። በጋም ሆነ ክረምት አያወልቁም። ለጠየቃቸው ሁሉ ቁርጥማት ነው ይላሉ፤ ወንድሜም የሚያውቀው ቁርጥማቱን ነው። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሳይወልቅ አይገባምና መግባት ተዉ፤ ውጭ ቅጥሩ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ያልተናዘዘው ነገር ቢኖር ነው ብለው የሚያሟቸው አልጠፉም።

እኔ ያየሁት ሳላስበው ነው። ለፋሲካ ሄጄ ጓሮ ስወጣ እግራቸውን ሲያጥቡ ደረስኩባቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አባዬ፣ ነገውኑ ማርቆስ ወስጄ አሳይዎታለሁ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ሰው በዘር ነው ይላል፤ ትንሿ እህታችን ደግሞ ለጋብቻ ደርሳለች፤ ሽማግሌ የሚልክ ወገን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘራቸው ምን አለበት ብሎ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ የአገራችን ሰው አይጠፋም።

"ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ" አሉኝ። "ልጄ ፈቃዱን ይያዝና እሱ ያየኛል። ለባዕድ አላወልቅም።"

እስከዚያ ለሱ እንዳልነግረው፣ ሐሳብ ገብቶት እንዳይወድቅ ብለው በመድኃኔዓለም አስማሉኝ። እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ጥያቄ የማነበው። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ እየተንገዳገድኩ አነባለሁ፣ እሱ መደቡ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኖ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ይላል። የጥያቄ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ዕድሜና ሥራ ብቻ ነው ያላቸው። ስፌቱን አቋርጬ የማነብለት ለሱ ብዬ ብቻ አልነበረም፤ በየጥያቄው የአባቴን እግር እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን መጣ። ገበሬ ነው፣ ደጋ ነው የሚኖረው፣ ቀይ አፈር፣ ባዶ እግር፣ ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ቆይተዋል። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ቀጠልኩ። ጥያቄውን ሳልጨርስ "ሲ" አለ። ሲ ጫማ ማድረግ ይላል፤ ትክክል ነበር። እስቲ ስለሱ ንገረኝ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉለታላችሁ አልኩት። መለስኩት አይደል፣ ቀጥዪ አለኝ። በዚያች ቅጽበት ከልቤ እፎይ አልኩ። እንዲህ ሳይጨርሱለት የሚመልስ ልጅ እንዴት አያውቀውም አልኩ። ያን ለት ስፌቴ ሁሉ ቀለለኝ።

ፈተናው ግን ተላለፈ። ጸጥታው ደፈረሰና መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ቀኑ ሲገፋ ባጀ። ስልክ በሠራ ቁጥር አባቴ ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውላሉ፤ ስለ እግራቸው ትንፍሽ አይሉም፣ ፈተናው ደረሰ ወይ ብቻ ነው። ጎረቤት ሲነግረኝ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል፣ በሬ ተከትለው መቆም አልቻሉም። እንደዚያ ወራት ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ማንን እንደምጠላም አላውቀውም ነበር።

በመጨረሻ ተፈተነ፤ አለፈ። እኔ መንገድ ላይ እልል አልኩ፣ እብድ እስክመስል። መንገዱ ሲከፈት ተያይዘን አገር ገባን። በግ ታርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ድንኳኑ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ዶክተር፣ ዶክተር ይላል። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው በዱላ እየተደገፉ ይስቃሉ፤ እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው።

እንግዳው መብላት ሲጀምር ሁለታችንን ወደ ጓዳ ጠሩንና በሩን ዘጉ። ቁጢጥ ብለው ቦቲውን መሳብ ጀመሩ። አልወጣ አለ፤ እኔ ያዝኩላቸው። ሲወጣ ጨርቁ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል፣ ሽታው ጓዳውን ሞላው። ወንድሜ በእጁ አፍንጫውን ሊይዝ አለና ተወው።

"እስቲ እየኝ ልጄ" አሉት። "ለማንም አላወለቅሁም፤ አንተን ስጠብቅ ነው።"

ተንበረከከ። እጁን ዘረጋ፣ ከየት እንደሚጀምር ግን አላወቀም፤ ጨርቁን ሊነካ ይልና ይመልሰዋል። ቀና ብሎ አየኝ። ስፌት መኪናዬ አጠገብ መልስ ሲጠፋው እንደሚያየኝ ነው ያየኝ፤ ምን ላንብብለት! ሆስፒታል እንዲህ ያለውን የሚያጥቡ ሰዎች አሉ፣ እነሱን እጠይቃለሁ አለ ቀስ ብሎ። አባቴ ጠበቁት። አንተስ አሉት፣ አንተ ምን ትለኛለህ?

እጁን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"ጫማ ማድረግ ነው፣ አባዬ" አለ።

አባቴ አጠገባቸው ወደ ቆመው ቦቲ ዞር ብለው አዩትና ወደሱ ተመለሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"አድርጌ እኮ ነው የኖርኩት፣ ልጄ" አሉት።

ውጭ እንግዶቹ ዶክተሩን አምጡልን ይላሉ። አባቴ ጨርቁን ራሳቸው መልሰው ጠቀለሉና እግራቸውን ቦቲው ውስጥ ይጨምሩ ጀመር፤ አልገባ ሲላቸው እኔ ገፋሁላቸው።