ዴዞሊና ያለጊዜው ያጨበጨበች ዕለት

ዴዞሊና ባሏ ከሞተ ወዲህ ምንም አይሰማትም ነበር። አላለቀሰችም ለማለት አይደለም፤ በቀብሩ ቀን አልቅሳለች፣ ሰውም አይቷታል። ከዚያ በኋላ ግን ብርድ እንዳደነዘዘው እጅ ሆነች። እንዲህ ያለ እጅ ይይዛል፣ ያነሳል፣ ግን የያዘውን አያውቅም። ቲማቲም ፋብሪካ ውላ ትገባለች፣ ሾርባዋን ታሞቃለች፣ ትጠጣለች። ጨው ይኑረው አይኑረው ልብ አትልም።

ባሏ ኦሬስቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የጣሊያኗ ከተማ የፓርማ ሰው የሚያውቀው ግን በኦፔራ ቤቱ ነው። እዚያ ጣሪያው ሥር የድሆቹ ሰገነት አለ፣ መቀመጫው ደረቅ አግዳሚ። በሩም ለብቻው ነው፣ በጓሮ በኩል ባለው ቀጭን ደረጃ ይወጣል። ሀብታሞቹ ከታች፣ ቀይ ከፋይ በለበሱ ትንንሽ ክፍሎቻቸው ይቀመጣሉ፣ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይዘጋ ያጨበጭባሉ። ሰገነቱ እንዲያ አይደለም። የመጨረሻዋ ድምፅ ሄዳ ሄዳ እስክትጠፋ ድረስ ዝም ይላል። ቀድሞ ያጨበጨበ እዚያ ላይ እንደ ሰው አይቆጠርም።

በዚያች ዝምታ ውስጥ ኦሬስቴ አንድ ቃል ይጥላል። "እሰይ" ካለ ሰገነቱ ይፈነዳል። "ሂድና ተኛ" ካለ ዘፋኙ ሻንጣውን ማሰር ነው። ሰዎቹ ጆሮው ልዩ ነው ይሉ ነበር። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ትል ነበር ዴዞሊና በሆዷ። ኦሬስቴ ቃሉን ከመናገሩ በፊት እጅጌዋን ገለጥ አድርጎ ክንዷን ያያል። ውርር ብሏት የክንዷ ጸጉር ከቆመ "እሰይ" ነው። ካልቆመ አልቆመም።

አሁን አይቆምም። ወደ ሰገነቱ ወጥታ "እህስ፣ እንዴት ነው?" ቢሏት የምትመልሰው የላትም። መልስ የሌለው ሰው ደግሞ እዚያ አግዳሚ ላይ ምን ይሠራል?

ስለዚህ በገና ማግስት፣ የኦፔራ ቤቱ የዓመቱ ትርኢት በሚጀምርበት ዕለት፣ ልጇ ሊቪዮ መጥቶ "እማዬ፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ነሽ" ሲላት እሺ አለች። ሊቪዮ የጠበቃ ልጅ ነው ያገባው። አማቶቹ ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ከአያት የወረሱት የራሳቸው ክፍል አላቸው።

አማቱ ወይዘሮ ክሎቲልዴ በር ላይ ተቀበሏት። ካፖርቷን አስወልቀው ወደ አሽከር ወረወሩትና የራሳቸውን የቀበሮ ጸጉር መደረቢያ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

"ይህን ይልበሱ እንጂ።"

"አልበረደኝም እኮ።"

"ግድ የለም፣ እዚህ የሚለበሰው ለብርድ አይደለም።"

መብራቱ ቢጠፋም ወሬው አልጠፋም። ወይዘሮ ክሎቲልዴ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው፣ ከረሜላ እያዞሩ፣ ስለ አንዲት ሴት ጥርስ ያወራሉ። ዴዞሊናን ምን ተሰማሽ ያላት የለም። ለእሷ ይሄ ጥሩ ነበር። እዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ብትቀመጥ የሚጠይቃት አይኖርም። ሊቪዮ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ፣ "አማቴ ወደውሻል። ቦታው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፣ የላዩን ተይው በቃ" አላት።

"እሺ" አለች።

ሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ወንዱ ዘፋኝ ትልቁን ዘፈኑን ዘፈነ። ከፍ ያለችዋን ድምፅ ይዞ ገና ሳይለቃት ቀዮቹ ክፍሎች አጨበጨቡ። ወይዘሮ ክሎቲልዴ አጨበጨቡ፣ ሊቪዮ አጨበጨበ። የዴዞሊናም እጆች ተነስተው አጨበጨቡ። እሷ አላዘዘቻቸውም፤ አጠገቧ ሲጨበጨብ ጊዜ ነው።

ከላይ አንድ ወፍራም ድምፅ ወረደ።

"ዴዞሊና! አንቺም?"

ከሰል ሻጩ ኤርሜስ ነበር፣ ዕድሜ ልኩን ከኦሬስቴ ጎን የተቀመጠው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ ከዚያው ከላይ፣ "ተዋት ባክህ፣ ቀበሮው ነው ያጨበጨበው!" አለ።

"ከብቶች!" አሉ ወይዘሮ ክሎቲልዴ። "ማናቸው እነዚህ? ያውቋቸዋል እንዴ?"

ሊቪዮ ፊቱ ቀልቶ እናቱን አየ። አላውቃቸውም እንድትል ነበር የፈለገው። ዴዞሊና ማፈር ነበረባት፤ አላፈረችም። አልተናደደችምም። ብቻ ማታውን ሙሉ እዚህ ስሟን የጠራ እንደሌለ ትዝ አላት፣ የሊቪዮ እናት ነው የሚሏት።

"የኔ ሰዎች ናቸው" አለች። ቀበሮውን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ከወጣሽ እኮ እኔ ሁለተኛ አማቴን አልለምናቸውም።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

ካፖርቷን የት እንደሰቀሉት ስላላወቀች እንዲሁ ወጣች። ከዚያ ወደ ሰገነቱ በውስጥ መንገድ የለም፤ ደጅ ወጥቶ፣ በጉሙ ውስጥ ሕንፃውን ዞሮ፣ በጓሮ በር መግባት ነው። በረኛው ከላይ እስከ ታች አያት።

"ትኬት?"

"የለኝም። በፊት ለፊቱ በር ነው የገባሁት።"

"ከዚህ ወደዚያ የሄደ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ ወደዚህ የመጣሽው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እለፊ፣ እለፊ!"

አግዳሚው ላይ ኤርሜስ ከጎኑ የአንድ ሰው ቦታ ትቶ ቆቡን አስቀምጦበት ነበር። ቆቡን አነሳና ራሱ ላይ ደፋው። ዴዞሊና ተቀመጠች።

"ኤርሜስ፣ እንዴት ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ምንም አይሰማኝም።" እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችው።

"ቆሟል እኮ!"

"ብርድ ነው። ካፖርቴን እዚያ ትቼው መጣሁ።"

"ኦሬስቴ ክንድሽን እንደሚያይ የማናውቅ መስሎሻል?" አለ ኤርሜስ ኮቱን አውልቆ እየደረበላት። "ሰገነቱ በሙሉ እኮ የሚያየው ክንድሽን ነበር። እሱ እስኪናገር እኛ ጨርሰን አውቀነዋል።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ተቀመጪ።" ከኪሱ የተቀቀለ እንቁላል አውጥቶ ሰጣት። "ላጪ።"

በመጨረሻው ገቢር ሴቷ ዘፋኝ ብቻዋን ቆማ ዘፈነች። ቀዮቹ ክፍሎች አጨበጨቡ፣ ሰገነቱ "እሽሽ!" አላቸው። ከዚያ ዝምታው መጣ። የኦሬስቴ ቃል የምትወድቅባት ጊዜ ባዶዋን ቆመች። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው የዴዞሊናን ክንድ አዩ። ኮቱ ስላሞቃት ጸጉሩ ተኝቷል።

"አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። "እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

ኤርሜስ ብድግ አለ።

"አንቺ ልጅ!" ብሎ ወደ መድረኩ ጮኸ። "ገና አላወቅንም! እስኪ ድገሚው!"

ሰገነቱ ወለሉን በእግሩ ደበደበ። ሙዚቀኞቹን የሚመራው ሰውዬ ወደ ላይ አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ዘንጉን አነሳ። ዘፋኟ እንደገና ጀመረች።

ዴዞሊና እንቁላሉን መላጥ ያዘች፣ ቅርፊቱን ጭኗ ላይ እያጠራቀመች። እጅጌዋን ግን እንደተሰበሰበ ተወችው።