ከጋቢው ጀርባ

ቀራንዮ ካለው ቤታችን ሲወስዱኝ እናቴ በር ላይ ቆማ የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እባካችሁ፣ ልጄ ጦሙን ማደር አይችልም።" አንዱ ፖሊስ የእናት አንጀት ነው ብሎ ፈገግ አለ። "አይዞዎት እናቴ፣ እኛም ጋ ይበላል" አላት። ምክንያቱን ለመናገር አፈረች። እኔም አፈርኩ። ስለ ሰፈራችን ቤት ፈረሳ ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ተይዤ፣ ፒክአፕ ላይ ተጭኜ፣ የምጨነቀው ጎረቤት ምን ሰማ እያልኩ ነበር።

በእናቴ ወገን የሚወርድ በሽታ አለብን። ሐኪሙ የሚቶኮንድሪያ በሽታ ነው ብሎኛል። ሚቶኮንድሪያ በሴሎቻችን ውስጥ ሆኖ የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጥልን ነገር ነው፤ የእኔ ይለግማል። የዓይኔ ቆብ የሚወርደው፣ ደረጃ ስወጣ እግሬ የሚከዳኝ ለዚህ ነው። "ሳትበላ ብዙ አትቆይ፤ አንጎልም ጉልበት ሲያጥረው ይረበሻል" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ሲረበሽ ምን እንደሚመስል በልጅነቴ አይቻለሁ። የእናቴ ታናሽ ወንድም የሌለ ድምፅ እየሰማ፣ ሰውን ሁሉ እየጠረጠረ፣ ጓሯችን ባለው ሰርቪስ ቤት ተዘግቶበት ነው የሞተው። እኛ ቤት ስሙ አይነሳም። እህቴ ለትዳር ደርሳ ነበር፤ ዘራቸው ያብዳል ከተባለ ማን ሽማግሌ ይልካል?

ፖሊስ ጣቢያ የገባሁበት ክፍል በረኪናና ላብ ይሸታል። በትንሿ መስኮት የታክሲ ረዳቶች "ቤቴል! ቤቴል!" ሲሉ ይሰማል፤ ልጅ የጠፋቻቸው ነው የሚመስሉት። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ አለ። አንዱ ሲጠቀም ሁለት ሰዎች ጋቢ ይዘረጉለታል፣ የቀረነው ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ይህን ደንብ ያወጡት የክፍሉ ካቦ ናቸው፤ የእስረኞቹ ተጠሪ ማለት ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ጋቢውም የእሳቸው ነው። የዓይኔን ቆብ አይተው "ይሄ ልጅ እንቅልፉን ከቤቱ ጠቅልሎ ነው የመጣው" ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ፍርድ ቤት አቅርቡን ብንል የሚሰማን ስላጣን የረሃብ አድማ ለማድረግ ተስማማን። ጋሼ ሁላችንንም ዞረው አዩን። "ሕመም ያለበት አሁን ይናገር፣ ነውር የለውም።" ስኳር ወይም ደም ግፊት ቢሆን ኖሮ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምናገረው። ዝም አልኩ። የእናቴ ምሳ ዕቃ ሳይከፈት ተመለሰ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጠራኝ። በስሜ ነው የጠራኝ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። "ውሃውን እንዳትጠጣ" አለኝ። ጋሼ በሃይላንድ ውሃ ይዘው አጠገቤ ሲቀመጡ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። የላኳቸው ፖሊሶቹ ናቸው፤ ሊመርዙኝ ነው። "ሰላይ!" ብዬ ጮህኩ። ፊታቸው ላይ ተፋሁባቸው። ሱሪዬ ረጠበ፣ እኔ ግን አላወቅኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

"ጸበል ነው የሚያስፈልገው" አለ አንዱ። "ለይቶለታል" አለ ሌላው። ጋሼ ፊታቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው እዚያው ተቀመጡ።

"እናትህ ትናንት ጣቢያው በር ላይ ሲያለቅሱ እንደነበር ፖሊሶቹ ነግረውኛል። ጦሙን አያድርም ነው የሚሉት። ለምንድን ነው ልጄ?"

አጎቴ ለአፍታ ዝም አለ። በዚያች ፋታ ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ ነገርኳቸው። "ካልበላሁ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ከእናቴ ነው የወረስኩት። ለሰው አይንገሩብኝ።"

"ታዲያ እኔ ላይ ከመትፋት ይሄን መናገር ከበደህ?" አሉ።

ችግሩ ተረኛው ፖሊስ ነበር። "አንዳችሁ እህል ከቀመሰ አድማችሁ ፈረሰ" ብሎናል፣ በበሩ ቀዳዳም በየጊዜው ያያል። ጋሼ ከፍራሻቸው ሥር ከአድማው በፊት የተረፈ በሶ አወጡ፣ ስኳር ጨምረው በሃይላንዱ በጠበጡት። ከዚያ ባልዲው ጋ ደግፈው ወሰዱኝና ጋቢው ተዘረጋ። ሃይላንዱን ሲሰጡኝ አፌን ገጠምኩ። ያኔ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀድመው ቀመሱልኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አፋቸው አልገባም ነበር። ሽንት ከሚሸተው ባልዲ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ የተራቡ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠጣሁ።

"ማነው እዚያ?" አለ ፖሊሱ በቀዳዳው።

"ሰው ነው" አሉ ጋሼ። "ፊትህን አዙር።"

እስኪነጋ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡኝ። ጠዋት ልቤ ሲመለስልኝ ሁሉንም አስታወስኩ። መርሳት እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የክፍሉ ልጆች ጋቢውን እንደገና ሊዘረጉልኝ ተነሱ። ተዉት አልኳቸው። በሩን አንኳኩቼ ተረኛውን ጠራሁት።

"ትናንት የጮህኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "በቤተሰብ የሚወርድ ሕመም አለብኝ። ካልበላሁ አእምሮዬ ይታወካል። ስለዚህ እኔ እበላለሁ። እነሱ አድማ ላይ ናቸው፤ ለአለቃህ እንደዚያ ብለህ ንገር።"

"እብድ ነኝ እያልክ ነው?"

"ትናንት ነበርኩ" አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ፊት ለፊቱ ቆሜ በሶዬን ጠጣሁ።

አድማው ሳይፈርስ ቀጠለ፣ በኋላም ፍርድ ቤት አቀረቡን። አሁን ወጥቼ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ጦር ኃይሎች ስሄድ ጋሼ ሱቅ እገባለሁ። ውሃ ሲሰጡኝ ቀድመው ይጎነጩና ይስቁብኛል። እስቃለሁ፣ ግን ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል። ይቅር ቢሉኝም ኀፍረቱ አልለቀቀኝም።

እናቴ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምታው ነበር። የተፈታሁ ዕለት እራት አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ሰው ፊት ተናገርክ አሉኝ።"

"ተናገርኩ።"

"ምን አደረጉህ?"

ስለ ጋቢው ነገርኳት። ከዚያ የወንድሟን ስም ጠራች፤ ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

"እኛ እኮ በር ነው የዘጋንበት" አለች። ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች፣ እኔም እራቴን በላሁ።