ከወንበሩ የተነሳው ሐኪም

ለሐኪሙ አምስት ኮከብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ባላክክ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጽሑፉ የወጣው በእኔ ስም ነው፣ ከነፎቶዬ።

ተች ስልክ ጎንደር ውስጥ በየሰዉ እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። የከተማው ሰው ስለ ሐኪሞች የሚጠያየቅበት አንድ ገጽ ነበር። አንዱ ለጆሮ ማን ይሻላል ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ የታከመው ደግሞ ኮከብ ይሰጣል። እኔና አባቴ ጨርቅ እንሸጥ ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጣቃው ላይ ደገፍ ብዬ ያን ገጽ ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። ያኔ የሌላ ሰው ሕመም ነበር፤ ሳነበው አይከብደኝም ነበር።

አባቴ ምግብ አልረጋለት ማለት ከጀመረ ወራት ሆኖት ኖሯል። ደብቆን ነበር። ያወቅሁት ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼ ነው። በገጹ ላይ የተመሰገነ አንድ ሐኪም መርጬ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው። አባቴ በበሩ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ አስቀመጠው። አባቴ የሐኪሙን አያት ያውቅ ኖሮ ያንን እያነሱ ተሳሳቁ። ሆዱን የነካው በሸሚዙ ላይ ነው። ጨጓራ ነው አለና መድኃኒት ጻፈለት።

ስንወጣ አባቴ የዳነ ይመስል ነበር። ሐኪም ማለት ይህ ነው፣ ያሳደገው ይባረክ፣ በዚያ በስልክሽ ጻፊለት አለኝ። ሱቅ ሳንደርስ ጻፍኩ፦ «ሽማግሌ አባቴን ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለው። እንዲህ ያለ ሐኪም አላየሁም።» መድኃኒቱ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ሰዉ ተረባርቦ ወደደልኝ፤ እኔም ኮራሁ።

መድኃኒቱ አለቀ፣ ተደገመ፣ ተቀየረ። አባቴ ግን እየከሳ ሄደ። ሌላ ዘንድ እንሂድ አልኩት። አንድ አንጋፋ ሐኪም ነበር፤ በገጹ ላይ ከአንድ ኮከብ በላይ የሰጠው የለም። ቀና ብሎ አያይም፣ ሰላምታ አያውቅም ተብሎ ተጽፎበታል፤ አንዱም «እናቴን ተቆጣት» ብሏል። እኔው ራሴ በደህናው ጊዜ ለአባቴ እያነበብኩለት አብረን ስቀንበታል። ስለዚህ እምቢ አለ። በስተርጅና የሚቆጣኝ አልፈልግም አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው አክብሮ የተከበረ ሰው ነው። ወደሚነሳልን ተመለስን። ሦስቴ ሄድን፣ ሦስቴም ተነሳልን።

ውኃ እንኳ አልረጋለት ሲል ግን እምቢታውን ሳልሰማ አንጋፋው ዘንድ ወሰድኩት። እንደተባለውም ቀና አላለም። ልብሱን አስወልቆ አስተኛው። ሆዱን እየተጫነ ብዙ ቆየ፣ አንገቱ ሥር ዳሰሰ፣ በአፍ በሚገባው መሣሪያ እንዲታይ አዘዘ። ቀና ያለው ውጤቱን ይዤ ስመለስ ነው።

«ምነው እስካሁን?» አለኝ። «የት ነበራችሁ?»

የት እንደነበርን ልነግረው አፈርኩ።

ካንሰር ነበር፤ ዘግይተናል። አባቴን ቀበርን። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይል ነበር። ወጣቱ ሐኪምም መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ አለቀሰም። እኛ ዘንድ ከሞት በኋላ ሐኪም አይወቀስም፤ ከፈጣሪ ጋር መሟገት ይሆናል። የገጹ ነገር የገባኝ እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። የሚጽፈው እንደ እኔ በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎት የወጣ ነው፣ ወይም ተቆጥተውት የከፋው። የሞተበት ሰው ቀኑ ነው ብሎ ዝም ይላል።

ኮከቡን ላነሳ ስልኬን ሳወጣ እናቴ ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት።

«አባትሽ በአፉ የመሰከረለትን?» አለች። «አፈሩ ሳይደርቅ ቃሉን ልታጥፊበት ነው?»

ስልኩን መለስኩ። ለእናቴ ብዬ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀለል ያለኝ እኔን ነው። ጽሑፉን ባጠፋ፣ አባቴን ወደዚያ ክሊኒክ እጁን ይዞ የወሰደው ማን እንደሆነ ማሰብ ልጀምር ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከተማሪ ልጁ ጋር ሱቃችን ገባ። ከአይከል ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት። ልጅቱ ስልኩን ወደ ፊቴ ጠጋ አድርጋ ከፎቶዬ ጋር አስተያየችኝ። ፎቶው ላይ የሱቁ በር ይታያል፤ በእሱ ጠይቀው ነው ያገኙን። አባትየው ከሰው አፍ ካልሰማሁ ብሎ ነው።

«እታለም፣ እሷ እህል አልረጋላት ብሎ ነው» አለኝ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። «ይኸ ሐኪም ሸጋ ነው ብለሽ ጽፈሻል አለችኝ ልጅቱ። እውነት ነው?»

እናቴ አጠገቤ ጨርቅ ታጥፍ ነበር፤ እጇ ቆመ። ሴትዮዋን አየኋት። መቀነቷ ወገቧን ብዙ ጊዜ ዞሮ ጫፉ ተርፏታል።

«ጥሩ ሰው ነው፣ አያ» አልኩ።

አልዋሸሁም፤ ጥሩ ሰው ነው። እሱ የጠየቀኝ ግን ስለ ሚስቱ ሕይወት ነበር። መርቆኝ ወጡ። በሩ ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጥጉን እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።

በማግሥቱ ገጹን ስከፍት ልጅቱ ከጽሑፌ ሥር ጽፋለች፦ «እውነት ነው። ለእናቴም ከወንበሩ ተነሳላት። ጨጓራ ነው ብሏታል። እግዚአብሔር ይስጥልን።» አምስት ኮከብ ሰጥታዋለች።

እናቴን ሳላስፈቅድ መለስኩላት፦ «እህቴ፣ አባቴ ሞቷል። ጨጓራ አልነበረም። እናትሽን ዛሬውኑ ሌላ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።» እነሱ ግን በጠዋቱ መኪና ወደ አገራቸው ተመልሰው ይሆናል፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ልጅቱ በፎቶዋ ፈንታ የለጠፈችው አበባ ነው፣ በስሟ ፈንታም ቅጽል። እኔም ሱቄ ውስጥ ቆመው ሳሉ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ እየከፈትኩ አየሁ። የእሷን ጽሑፍ ብዙ ሰው ወደደላት። ለእኔ መልስ አልመጣም።