የተጣመሙት የመስታወት ረድፎች

እንግዳ ሰው ወደ ሶላራችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ፀሐይ የሚሰበስቡትን የመስታወቶች ረድፍ መጣመም ነው። ከዘንዘልማ አልፎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ይቆምና ይስቃል፤ «ይኼን ሰካራም ነው እንዴ የተከለው?» ይላል። እኔ አልመልስለትም። የተከልነው እኛ ነን፤ ያን ሰሞን ደግሞ ጠላ የቀመሰ ሰው አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ቀትር ይፈራል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው ከውሃ ዳር ይነሣል፤ ከዋርካ ሥር የተኛ ይቀሰቀሳል፤ ብቻውን የሚሄድ ማማተብ ያበዛል። ሶላር ደግሞ ጉልበቱ ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ ሰው በሚሸሽበት ሰዓት ያ ቦታ ይነቃል። የፀሐይዋን ጉልበት ወደ መብራት የሚቀይረው ሳጥን ማጉረምረም ይጀምራል፤ ውሃው ከሐይቁ ወደ ሽንኩርታችን ይወጣል፤ መስታወቶቹ ሰማዩን ይዘው ሌላ ሐይቅ ይመስላሉ። ትልልቆቹ ነጭ የሐይቅ ወፎች ውሃ መስሏቸው እየተንደረደሩ ይወርዱና ደረታቸውን ይመታሉ። አንዳንዱ ተነሥቶ ይበራል። አንዳንዱ እዚያው ቆሞ፣ አንገቱን አጣሞ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ወፍ ሲያይ ይቆያል።

ከዚያ በፊት የምናጠጣው በናፍጣ ሞተር ነበር። ናፍጣ ሲጠፋ ቡቃያው ዓይናችን እያየ ይደርቃል። በመጨረሻ የመስኖ ማኅበራችን የራሱን ሶላር ይትከል ተባለ፤ የማንም ድርጅት ያልሆነ፣ የእኛው። ቦታ ተፈለገ። እርሻዬን እሰጣለሁ ያለ ሰው አልተገኘም፤ እኔም አልሰጥም አልሁ። ያኔ ሰብሳቢያችን፣ ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሐይቁ በላይ ያለችውን ድንጋያማ ጉብታ በከዘራቸው ጠቆሙ።

«ያች ጠፍ ናት። የማንም አይደለች። የሚቃወም አለ?»

ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ፂሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። መዝገቡ ላይ «ቦታው ከማንኛውም ሰው ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ፤ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች በጻፉት ውሸት ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ ኖሬ፣ መጻፍ ስችል ደግሞ የጻፍሁት ይኼን ነው።

ልጄ እዚያ ነበረች።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የእኔዋ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ሞተች። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም፤ ፍትሐት የለው፣ ለቅሶ የለው፣ ስም እንኳ የለው። በእኛ መንደር አባት በጋቢው ሥር አቅፎ ይወጣል፣ ሰው ከማይደርስበት ይቀብራል፣ ተመልሶ ሥራውን ይሠራል። ለእናት የት እንደሆነ አይነገራትም። ካወቀች እየሄደች ታለቅሳለች፣ ሌላ አትወልድም ይባላል። ሚስቴ «የት ነው ያደረግሃት?» አለችኝ። «ተይው» አልኋት። በየዓመቱ ጠየቀችኝ፤ በየዓመቱ ተይው አልኋት። ኋላ መጠየቁን ተወችው፤ እሱ ባሰኝ።

ሶላሩን የምትተክለው ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣች፤ ኮፍያ ያደረገች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ገመድ ስትዘረጋ ዋለችና ምሰሶ በሚቆምበት ሁሉ ችካል መታች። ከችካሎቹ አንዱ ያረፈው ልጄ ላይ ነው። ቦታዋን ያስቀመጥሁባት ሦስት ድንጋይ ነው የሚነግረኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ የሐይቁ ጉም ጉብታውን ሸፍኖት ሳለ ሄጄ ያን ችካል ነቀልሁና ሁለት ክንድ ወዲያ መታሁት። አንድ ችካል ብቻ። በጉሙ ውስጥ ሌላ ሰው አላየሁም። ድንጋይ በእንጨት ላይ ሲያርፍ ግን ሰምቻለሁ፤ ከዚህም ከዚያም፣ ቀስ ብሎ። የራሴ ምት ገደል ማሚቶ መስሎኝ ነበር። እኔ ካቆምሁ በኋላም አላቆመም።

ረፋዱ ላይ ባለሙያዋ ገመዷን ዘርግታ ቆመች።

«ችካሌን የነቀለው ማነው?»

«ከብት ይሆናል» አሉ ሰብሳቢው።

«ከብት ነቅሎ መልሶ ይመታል እንዴ አባባ? አሥራ አንድ ችካል እኮ ነው! የእናንተ አገር ከብት መዶሻ ይይዛል ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። አብሯት የሳቀ የለም።

አሥራ አንድ? እኔ የነቀልሁት አንዱን ብቻ ነው።

ሁሉንም ወደ ቦታቸው መለሰች። በማግስቱ አሥራ አንዱም እንደገና ተነሥተው ነበር፤ ትናንት በቆሙበት በዚያው ቦታ፣ ጣት ሳያዛንፉ። በዚህኛው ቀን አልሳቀችም። ፊታችንን አንድ በአንድ አየች።

«እዚህ ቦታ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አሉ ሰብሳቢው። ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

«እሺ። እናንተው ቆፍሩት፤ እኔ መስታወቱን ምሰሶው በቆመበት አስራለሁ። ተጣመመ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ ብቻ።»

ቁፋሮው በደቦ ሆነ። ያለ ዘፈን የዋለ ደቦ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሥራ ድልድል ሳይወጣ ሰው ሁሉ ወደየጉድጓዱ ሄደ። «ይችን እኔ ልቆፍር» ይላል አንዱ፤ «ያችን ለእኔ ተዉልኝ» ይላል ሌላው። አካፋው ተጥሎ አፈሩ በእጅ ይዛቅ ነበር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆመች፤ ቀትር ሆነ፤ የተነሣ ሰው የለም። ሰብሳቢው በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ሲጭሩ አየሁና ቀረብኋቸው።

«አያ፣ እኔ ልቆፍርልዎ።»

«ተወኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የራስህን ቆፍር።»

ሁሉም ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ያች ጉብታ ሰው እንደማይደርስባት እያንዳንዳችን ብቻችንን ያወቅን መስሎን ልጆቻችንን ቀብረንባት ኖረናል። በስብሰባው ዕለት አንዳችን እንኳ አፋችንን ብንከፍት ሌላ ቦታ በተገኘ ነበር። ፈሪ ሁላ። ራሴንም ነው የምለው።

ሶላሩ ተተከለ። በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ መስታወቶቹን ስለሚሸፍን ሴቶች በየሳምንቱ በማለዳ እንዲወለውሉ ተደረገ። ወንዶች ዝም እንዳሉ ቀሩ፤ ሴቶቹ ግን የረድፉን መጣመም አይተው ልጆቻቸው የት እንዳሉ ገባቸው። የነገራቸው ሰው የለም። ሥራው ካለቀ በኋላ እያንዳንዷ ረድፉ የሚጎብጥበት አንድ ቦታ ላይ ትቆያለች። ሚስቴም ለምሳ ሳትመጣ ስትቀር ፍለጋ ሄድሁ።

ቀትር ነበር። ከሐይቁ በኩል ረድፉ በሚጎብጥበት ቦታ አንዷን መስታወት ደጋግማ ትወለውላለች። ወፎቹ ዙሪያዋን ቆመዋል፤ አይፈሯትም። መልኳ መስታወቱ ውስጥ ነው፤ ከመልኳ በላይ ሰማዩ ባዶ ነው።

«እዚያ አይደለችም» አልኋት።

እጇ ቆመ። ዞራ ግን አላየችኝም።

«ታዲያ ይች የማን ናት?»

«የሰብሳቢው።»

ጨርቁን ጨመቀችው። ያችን መስታወት እስከ ጥጓ ድረስ ወልውላ ጨረሰች። ከዚያ «ምራኝ» አለች።

ሦስተኛው ረድፍ መካከል ላይ ወሰድኋት። ከመስታወቱ ሥር ገብታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ ድንጋዮቹን ሳላሳያት አገኘቻቸው።

«በምን ጠቀለልሃት?»

«በነጠላሽ። ጥለቱ አረንጓዴ በሆነው።»

«እሱን ነጠላ ገበያ ላይ ተሰረቅሁ ብዬ ስንቱን ረገምሁ!» አለች። «አንተ ሌባ።» ድንጋዮቹን እየዳበሰች «ፊቷንስ ወዴት አደረግኸው?» አለችኝ።

«ወደ ምሥራቅ። እንደ ክርስቲያን።»

ራሷን ነቀነቀች። «በል ሂድ አሁን።»

«ቀትር ነው እኮ፤ ብቻሽን—»

«ብቻዬን አይደለሁም። ሂድ ነው ያልሁህ።»

ሳጥኑ እስካለበት የሞተር ቤት በር ሄጄ ቆምሁ። ከዚያ ማለፍ አቃተኝ። ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ለቅሶ አይደለም። የሽንኩርቱን ነገር፣ የልጅቱን ወንድሞች ትዳር፣ ያለፈውን ክረምት ታወራለች፤ ለጎረቤት እንደሚወራው፣ ሳትቸኩል። መካከል ላይ ዝም ትላለች። ዝምታው ሰው መልስ የሚሰጥበትን ያህል ይረዝማል። እኔ የምሰማው የሳጥኑን ማጉረምረም ብቻ ነው። እሷ ግን አዳምጣ ጨረሰችና፣ አንድ ሰው ስለ እኔ የጠየቃት ይመስል፣

«አይ፣ እሱ እንኳ ደኅና ነው» አለች። «አርጅቷል እንጂ።»