ያልመጣችው ተመራቂ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቃሊቲ

"አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን" ተብዬ ከተሳፈርኩ በኋላ ሌላ ስድስት ሰው ጠበቅን። ሰኔ ነው፤ ያካፋል። ጉልበቴ ላይ የካሜራ ቦርሳ፣ እግሬ ሥር የማላውቀው ሰው ሽንኩርት፣ ጎኔ ደግሞ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ የወሰዳቸው አባት አሉ። የምሄደው ሐዋሳ ነው። አንድ መዋዕለ ሕፃናት የሚያስመርቃቸውን ልጆች ሐይቅ ዳር ፎቶ ላነሳ። አዎ፣ ተመራቂዎች ናቸው፤ ጋውን ይለብሳሉ፣ ቆብ ይደፋሉ። ከፊሎቹ የጫማቸውን ክር ማሰር አይችሉም፤ ይህ ግን የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ሳነሳም ገጥሞኛል።

የጠሩኝ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ምሕረት ናቸው። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ስለሆኑ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። እሳቸውም ነውር ውስጥ እንዳልገባ ብለው ጉዳዩን ጨርሶ አላነሱትም።

"ሐዋሳ ፎቶ አንሺ የለም እንዴ?" አለኝ ሾፌሩ ቦርሳዬን አይቶ።

"ሞልቷል።"

"ታዲያ አንተ ምን አስኬደህ?"

"እነሱ ያስከፍላሉ።"

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ከሞጆ ወዲህ መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሾፌራችንም ይህን ለማረጋገጥ ቸኩሏል። መቂ ላይ በሳጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ አንጠልጥለው የሚሮጡ ልጆች፣ ሻሸመኔ ላይ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ድንች፣ ጥሩምባ። ለሻይና ለአንድ ቦንቦሊኖ መቶ ብር ሰጥቼ መልስ ስጠብቅ ሻጯ ልጅ "መልስ የለውም" አለችኝ። በጣም ትሕትና ባለው ድምፅ ስለነበር አመስግኛት ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ ዳር

ሕፃናትን ውጪ ስለማንሳት የተጻፈ ምክር ሁሉ የሚጀምረው "ልጁን ዘና አድርጉት" በማለት ነው። ምክሩን የጻፈው ሰው እናቶች አላጋጠሙትም። ልጆቹን ትልቅ ዋርካ ሥር በሁለት ረድፍ አቆምኳቸው። ብርሃኑ ለስላሳ፣ ጥላው እኩል፣ ሁሉ ነገር ደርዝ ያዘ። ከዚያ እናቶች ሁሉ ከኋላዬ ተሰለፉና እያንዳንዳቸው የልጃቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። "ናሆም! ወደዚህ! ሳቅ በላ!" ልጆቹም ታዛዦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወደየእናቱ አየ። ወደ ካሜራው ያየ አንድ አባ ኮዳ ብቻ ነው። ራሰ በራው ትልቁ አሞራ ከልጆቹ ኋላ ከነጓደኞቹ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል፤ በአቋሙ ከሁሉም በላይ ተመራቂ ይመስላል።

"አይሳቁ፤ ምረቃ ነው። ኮስተር ይበሉ" አሉ ወይዘሮ ምሕረት። ቀጥለውም፣ "ደግሞ ከፊተኛው ረድፍ መሐል አንድ ቦታ ክፍት ተው።"

"ለማን?"

"ለፌቨን። ጆሮ ደግፍ ይዟት ቀረች። ሌሎቹን ታስይዛለች ብዬ እኔው ነኝ ያስቀረኋት። በኋላ ከተማው ዳር፣ ቱላ ቤቷ ድረስ ሄደህ ታነሳትና እዚህ ትጨምራታለህ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ ቀን ስታወራ ነበር። ሐይቅ ዳር ዓሣ እንበላለን ብለናቸው ነበራ። እንግዲህ ግድግዳው ላይ በሚሰቀለው ፎቶ እንኳ ትኑር።"

በአገራችን ከፎቶ መቅረት የሚባል ነገር የለም። የሞተ አባት ልጁን ሲድር ይቆማል፣ ዱባይ ያለች እህት ክርስትና ላይ ትገኛለች፤ እግራቸው መሬት አለመንካቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን ትቼ ማንሳት ጀመርኩ። ልጆች ግን ክፍት ቦታ ሲያዩ ይገባሉ። እያንዳንዱን የምትመልሰው ከክፍተቱ አጠገብ የቆመች ኤልዳና የምትባል ጥርሰ ወላቃ ናት፤ እጇን ዘርግታ "የፌቨን ነው! የፌቨን ነው!" እያለች እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆመች።

ፎቶው ሲያልቅ የተጠበሰው ዓሣ መጣ። እኔም በላሁ፤ ሚጥሚጣው ያስለቅሳል። ወይዘሮ ምሕረት እየበሉ ትእዛዝ ሰጡኝ፦ አባ ኮዳዎቹ ይጥፉ፣ ሐይቁ ሰማያዊ ይሁን፣ የወለቁ ጥርሶች ይሞሉ። ከሐይቁ ፊት የቆምነው ሌላ ሐይቅ ለመሥራት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ወደ ማታ፣ ቱላ

"ጭቃው ከያዘንስ?" አልኩት የባጃጁን ሾፌር።

"አታስብ፤ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ትገፋለህ" አለኝ። ቃሉን ጠበቀ።

ፌቨን ጋውኗን ለብሳ፣ አገጯ ሥር ሻሽ ታስሮላት፣ ሻሹ ላይ ቆቡ ተደፍቶ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። ግራ ጉንጯ አብጧል፤ ሁለቱም ዓይኖቿ አኩርፈዋል። ጆሮ ደግፉ እኔን በልጅነቴ ስለያዘኝ ሳልፈራ ተጠጋሁ። እናቷ ታደለች ቲማቲም ትሸጣለች። "ወንድሜ፣ ጉንጯን ታሳንስልኛለህ አይደል?" አለችኝ። አሳንሳለሁ አልኩ። ዛሬ ሐይቅ የምቀይር ሰው ነኝ፤ ጉንጭ ምን ይከብደኛል?

ብርሃኑ ከሐይቅ ዳሩ ጋር እንዲገጥም ጥላ ውስጥ አቆምኳት። ሻሹን ፈታንላት። "ሳቂ" ብላት ጭራሽ ዞረች።

"ኤልዳና ዓሣ በላች?" አለችኝ።

"በላች።"

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ልቤ ተነካ፤ ሥራዬ ግን የጋውኗን ጫፍ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ነበር። ወደኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ሌላ ጨመርኩ፣ ሦስተኛው ላይ ቀይ ዶሮ ረገጥኩ። ዶሮዋ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፣ ካሜራዬን ወደ ላይ እንዳነሳሁ ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ፌቨን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያበጠውን ጉንጯን በእጇ እየደገፈች፣ "አመመኝ፣ አመመኝ" እያለች ትስቃለች። ልጅን በቁመቱ ልክ ዝቅ ብላችሁ አንሱ የሚለውን ምክር ያን ቀን ሳላስበው ተገበርኩት። እጇን ከጉንጯ ላይ ስታወርድ ከጭቃው ሳልነሳ አነሳኋት።

እሑድ ጠዋት፣ ታቦር

ያደርኩበት ፔንሲዮን መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ሄዶ መጥቶ፣ ሥራው አለቀ። አባ ኮዳዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ሐይቁን ማንም ሐዋሳ ውስጥ አይቶት የማያውቀው ሰማያዊ ቀባሁት። ጥርስ ተከልኩ። የፌቨንን ጉንጭ በስሱ ገፋሁት፤ ከኤልዳና አጠገብ አቆምኳት፣ እግሯ ሥር ጥላ ሠራሁላት። ከሁሉም ልጆች የምትስቀው እሷ ብቻ ናት። ያማረ ውሸት ነበር፤ ኮራሁ።

ረፋዱ ላይ፣ ቱላ

ለወይዘሮ ምሕረት ከማስረከቤ በፊት ቱላ ሄጄ ላፕቶፑን ለፌቨን ከፈትኩላት። እናቷ እልል አለች። ፌቨን ግን ስክሪኑ ላይ ያለችውን ራሷን በጣቷ ነካች።

"እኔም ሄጄ ነበር?"

"ፎቶው ላይ አለሽ።"

"ዓሣ በልቻለሁ?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ስዋሽ ነው ያረፈድኩት። "አልበላሽም" አልኳት።

"ታዲያ ምን አስቆኝ ነው?"

ጎኗ ቁጢጥ አልኩ። "እኔ ነኝ ያሳቅኩሽ። ዶሮዋን ረግጬ ጭቃ ውስጥ ስወድቅ።"

ስክሪኑ ላይ እግሯ ሥር ጠቆመች። "እንግዲያው ዶሮዋንም አስገባት።"

"አንቺ ልጅ!" አለች እናቷ። እኔ ግን ዶሮዋን ግቢው ውስጥ አባርሬ ፎቶ አነሳኋት። ዶሮን ዘና ስለማድረግ የተጻፈ ምክር የለም።

እሑድ፣ አመሻሽ፣ የመልስ መንገድ

ፎቶውን ለወይዘሮ ምሕረት ሰጥቼ፣ የከሰዓቱን ምረቃ ሳልጠብቅ ተሳፈርኩ። መቂን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ፤ እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ምረቃው ላይ በትልቅ ስክሪን አሳየነው። ሐይቁማ እንዴት አምሯል!" አሉ። "ግን ፌቨን እግር ሥር ዶሮ አለች።"

"አዎ፣ አለች።"

"ወላጆች ሳቁብን። ዶሮ አልነበረችም ብዬ ላስረዳ ብል፣ ይቺ ኤልዳና ነበረች ብላ ድርቅ! ፌቨንም ነበረች፣ ዓሣዬን አካፍያታለሁ ብላ ሰው ፊት ማለች።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። "የፌቨን እናት ሰማች?"

"ሰማች እንጂ። ለፌቨን ላሳያት ብላ ኤልዳናን በስልኳ ቀርጻ እየሮጠች ሄደች። ለማንኛውም፣ ግድግዳው ላይ ሳንሰቅለው ዶሮዋን አጥፋልኝ።"

"ወይዘሮ ምሕረት፣ አባ ኮዳ ይጠፋል፤ ዶሮ ግን አይጠፋም።"

"ምነው?"

"ኮምፒውተሩ አይቀበልም" አልኳቸው።