ስድስተኛው ምት

ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ በየኖታው ክፍል መጨረሻ የተቀመጠችው የእረፍት ምልክት የእኔ አይደለችም። ይህን የምጽፈው ለትምህርት ቤቶች የወጣውን የዘፈን መጽሐፍ ያዘጋጀው የክፍላችን ኃላፊ ለጠየቀው ሁሉ «ከእሷ ረቂቅ ላይ ነበረች» እያለ እንደሚናገር ስለሰማሁ ነው። እስካሁን ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ፣ ግን በቦታው።

በአማርኛ የምጽፈው ትምህርቴን በአማርኛ ስለተማርኩ ነው። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የተባባልነውም በትግርኛ ነበር። በትግርኛ ስጽፍ ግን እጄ ይለሰልሳል፤ ለዚህ ጉዳይ መለሳለስ አልፈልግም።

ኖታ መጻፍ ያስተማሩኝ ጣልያናውያን መነኮሳት ናቸው። በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለውን የኖታ ክፍል ባቱታ ማለትን ከእነሱ ይዤ ቀረሁ። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ደግሞ በአንድ የሠራዊቱ ባንድ ውስጥ ኖታ ገልባጭ ነበርኩ። የትኛው ባንድ እንደሆነ አልጽፍም፤ የሚያውቁ ያውቃሉ። ሥራዬ የአለቃውን ወረቀት ተቀብሎ ለመለከቱ፣ ለክላርኔቱ፣ ለከበሮው ለየብቻ መገልበጥ ነበር። ማንንም አልከሰስኩም፣ ማንንም አላሳሰርኩም። ነጻነት ሲመጣ ግን ያ ቀለም ከጣቴ አልለቅ አለ። ማይ ጭሆት ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጎረቤት ሰላምታ እየቆጠበብኝ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ዓመት ገጀረት ሰፈር ካለ አንድ ቢሮ ተጠራሁ። የአገሩን ዘፈኖች በኖታ አሰባስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጅ ቢሮ ነበር፤ የሚሠራው በአንድ አሮጌ ቪላ ሳሎን ውስጥ ነው። የጠሩኝ ወደውኝ አይደለም። ኖታ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ስላጡ ነው።

ኃላፊው ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። የጦርነቱን ጊዜ ውጭ አገር በትምህርት አሳልፎ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ሣጥን ዲስኬት ይዞ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተና፣

«ሓፍተይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኖታ አይሣልም፤ ይጻፋል» አለኝ። ሓፍተይ እህቴ ማለት ነው። እህቱ ግን አልነበርኩም።

ኖታ ስለሚሠራው የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም የተናገረው እውነት ነበር። አምስቱ መስመሮች አይታዩም። ጥቁር ስክሪን ላይ የድምፁ ስም በላቲን ፊደል፣ ርዝመቱ ከጎኑ በቁጥር ይጻፋል። ማሽኑ ያንን አንብቦ ከተስማማው ኖታውን ሠርቶ ወደ ማተሚያው ይልካል። ካልተስማማው በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ወቀሳ ጽፎ ይቆማል። ነጥብ ሲረሳ ይቆማል። ቅንፍ ሳይዘጋ ሲቀር ይቆማል። የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ግጥሙን በታይፕ መትቼ፣ በምላጭ ቆርጬ፣ ከኖታው ሥር በሙጫ እለጥፍ ነበር።

በሳምንት ውስጥ አልቅሼ የምሄድ መስሎት ነበር። አልሄድኩም። የማሽኑን ወቀሳዎች አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገለበጥኩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን መንስኤውንና መድኃኒቱን ጻፍኩ። አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ፦ ማሽኑ የሚጠቁመው ጥፋቱን ያስተዋለበትን መስመር እንጂ ጥፋቱ የተጀመረበትን አይደለም። ሃያኛው መስመር ላይ ሲጮህ አስራ ሁለተኛውን፣ አንዳንዴም የመጀመሪያውን መመልከት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ወር ኃላፊው ራሱ የቆመበትን ፋይል ይዞ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ሰው ፊት ግን አይመጣም፤ ሌሎቹ ለምሳ እስኪወጡ ይጠብቅ ነበር።

ዘፈኖቹን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ከሁሉም የሚበልጡትን ያገኘሁት ሓዝሓዝ ሰፈር ከሚኖሩ አንድ ዓይነ ስውር ክራር መቺ ነው። አቦይ፣ አባባ፣ ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር። ድሮ አንድ ሰው በቴፕ ቀድቷቸው ሄዶ ዘፈናቸውን ከሌላ ሰው አፍ በራዲዮ ሰምተውታል። ስለዚህ ማሽን የያዘ ሰው ደጃቸውን አያልፍም። እስክሪብቶ የያዘ ግን ይግባ አሉ። አንድ ሐረግ ይመታሉ፤ እጽፋለሁ፤ ከወረቀቱ ላይ መልሼ አዜምላቸዋለሁ። ከተሳሳትኩ በከዘራቸው ወለሉን መትተው «ኣይኮነን!» ይሉኛል። ከገጠመ «እወ» ብቻ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሮ፣ ዓርብ ዓርብ ከፌርማታው አውቶቡስ ይዤ እሳቸው ዘንድ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጋመስ ከያዙት ዘፈን ሲሶውን ያህል ጽፈን ነበር።

አንድ ቀን ክራሩን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ «ጓለይ፣ እኔ ወረቀቱን አላየውም። የማየው በአንቺ ዓይን ነው» አሉኝ። «የሰጠሁሽ እንዳለ ይውጣ።»

«እንዳለ ይወጣል፣ አቦይ» አልኳቸው።

ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ዘፈን የእሳቸው ነው። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈን ነው፤ እንደ ጓይላ ጭፈራችን በአምስት ምት ይሄዳል፣ ሁለት ከዚያ ሦስት። ክብ ሠርተን ስንዞር ማንም አይቆጥረውም፤ እግራችን ያውቀዋል። እኔም ሳልቆጥር ጻፍኩት፤ ስቆጥረው በየባቱታው አምስት ሆኖ አገኘሁት።

ፋይሉን ለማሽኑ ስሰጠው ከመጀመሪያው ባቱታ ጀምሮ አልሞላም ብሎ ቆመ። ነጥቦቹን ፈተሽኩ። ቅንፎቹን ፈተሽኩ። እንደ አዲስ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ያው ወቀሳ ነበር። ኃላፊው ሻሂውን ይዞ ባለፈ ቁጥር፣

«እህ፣ ሰልፉ ቆመ እንዴ?» ይለኛል። የድሮ ባንዴን ማንሳቱ ነው።

«መሪ ሲጠፋ ይቆማል» አልኩት።

ሌሎቹ ሳቁ። ያ ሳቅ በኋላ ምን እንዳስከተለብኝ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጥፋቱን አገኘሁት። በዘፈኑ ውስጥ አልነበረም። ኃላፊው ሁሉም ዘፈኖች የሚጋሩት አንድ የመግቢያ ፋይል ሠርቶ ነበር፦ የወረቀቱ ስፋት፣ የመስመሩ ውፍረት፣ ከእነሱ መካከል ደግሞ የምቱ ቁጥር፣ ስድስት። ማሽኑ ስድስት ጠብቆ አምስት ሲያገኝ ነው የጮኸው። በዘፈኑ ራስጌ ላይ አምስት ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ። ማሽኑ ዝም አለ። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ቆሜ ጠበቅኩት። ግጥሙን ለጠፍኩበት፤ እያንዳንዱ ፊደል ከድምፁ ሥር አረፈ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ኃላፊው ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዞ አየው።

«አምስት የሚባል ነገር የለም» አለ። «ስድስት ነው። አምስቱን ከዘፈኑ በኋላ የሚተነፍሱባትን ምት ረስተሻታል።»

«አይተነፍሱም። ጓይላ ረግጠህ አታውቅም?»

«አንቺ ለወታደር እግር ስትጽፊ ስለኖርሽ እግር ብቻ ነው የሚታይሽ።»

እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ እያየሁ መስመሬን ደመሰሰ፤ በየባቱታው መጨረሻ አንድ እረፍት ጨመረ። ማሽኑ ዝም አለ።

«አየሽ?» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ማሽኑም ተስማማ።»

ማሽኑ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ቁጥር ከሞላለት ውሸትም ያትማል። ፋይሌን በአንዲት ዲስኬት ላይ ቀድቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ግጥም የተለጠፈበትን የአምስት ምቱን ወረቀት ደግሞ በማኅደሬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

አሁን ወደ ዝምታዬ ደረስኩ።

ገጾቹ ለማተሚያ ቤት በሚሰጡበት ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነበረው። ሁሉንም ገጾች በቅደም ተከተል አስሬ ስድስት ሰዓት ላይ ለሚመጣው ሹፌር እንዳስረክብ አዘዘኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ገጽ አርባ አንዶች ነበሩኝ፣ የእሱና የእኔ። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነበር፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ስልኩ ጮኸ፤ ኃላፊው ነበር።

«ሁሉም ይዘጋል?» አለኝ። በቢሯችን ቋንቋ ባቱታዎቹ ሞልተዋል ወይ ማለቱ ነው።

«እወ፣ ይዘጋል» አልኩት።

የእሱን ገጽ አስሬ ለሹፌሩ ሰጠሁ።

ረስቼ አይደለም። ፈርቼም አይደለም። በምረቃው ቀን የከተማው ሰው ተሰብስቦ ዘፈኑን ሲሰማ፣ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉት ማየት ስለፈለግሁ ነው። ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ ሲዞር፣ ማኅደሬን ከፍቼ የአምስቱን ወረቀት ላወጣ ነበር። በዚያ ቀን የምለብሰውን ነጠላ ሳይቀር አስቤው ነበር።

ምረቃው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። አቦይን በታክሲ አምጥቼ ከፊት ረድፍ አስቀመጥኳቸው፤ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ስሜ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የእሳቸው ስም በመጨረሻው ገጽ ከሌሎች ሃያ ሰዎች ጋር ተዘርዝሯል። ልጃገረዶቹ መጽሐፉን ዘርግተው ቆሙ። መምህራቸው ዘፈኑን ከወረቀቱ አስጠንቷቸዋል፤ በዱላው ስድስት እየቆጠረ ነው የሚመራቸው። ጀመሩ። አምስት ድምፅ ያዜማሉ፣ በስድስተኛው አፋቸውን ይዘጋሉ። እንደገና አምስት፣ እንደገና ዝምታ።

ሽማግሌዎቹ እስኪነሡ ጠበቅኩ። ማንም አልተነሣም። ከኋላዬ አንዲት እናት፣ «ዘመናዊ አድርገውታል፣ ደስ ይላል» ስትል ሰማኋት። ሲያልቅ ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ኃላፊውን አቀፉት፤ አበባ ሰጡት። ማኅደሬ ጭኔ ላይ እንደተዘጋ ቀረ።

አቦይ አላጨበጨቡም። ሲዘፈን በጥፍራቸው ከዘራቸውን አምስት አምስት እየመቱ ነበር፤ በየባቱታው ከልጆቹ ይቀድማሉ፣ መልሰው ይጠብቋቸዋል። በኋላ ጣታቸው ቆመ።

«ጓለይ» አሉኝ፣ «እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው የሚያነክሱት?»

«ኃላፊው ነው የለወጠው፣ አቦይ። እኔ እንዳለ ነው የጻፍኩት።»

«አንቺ አይተሽዋል?»

«እወ።»

«መቼ? ከታተመ በኋላ?»

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እየጠበቁ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ሳይታተም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ንዴት አላየሁባቸውም። «ቤቴ አድርሺኝ» አሉ። ታክሲው ሓዝሓዝ አደረሰን። ደጃቸው ላይ ሳወርዳቸው «የቐንየለይ» አሉኝ፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው ያለ ምስጋና ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ጅማቱ ተበጥሷል» አሉኝ። አሻቅቤ አየሁት፤ አምስቱም ጅማቶች በቦታቸው ነበሩ። እሳቸው አያዩም፣ እኔ ግን እንደማይ ያውቃሉ። ሻሂ አቀረቡልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ። ሁለት ዓርብ ተመላለስኩ፤ ጅማቱ እንደተበጠሰ ነው። በክረምቱ አረፉ። ያልጻፍነው የዘፈናቸው ሁለት ሦስተኛ አብሯቸው ሄደ። ቀብራቸው ላይ ኃላፊው ንግግር አደረገ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማሁት።

እረፍቷ የእሱ ናት፤ ይህን ማንም አያስለውጠኝም። አቦይ ዘንድ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ረቂቅ በእሱ መሳቢያ ቀርቷል፤ እስካሁን ካለ ያውጣውና እንየው። ዲስኬቷ እኔ ዘንድ አለች፤ የሚከፍታት ማሽን ከጠፋ ቆይቷል። የአምስቱ ወረቀት ሙጫ ስለለቀቀ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ረግፈው ኖታው ብቻ ቀርቷል።

በመጽሐፉ የተማሩት ልጆች ዛሬ እናቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ተጠርቼ፣ ሙሽራይቱ ስትወጣ ያንን ዘፈን ያዙት፤ ከበሮው ሳይቀር በስድስተኛው ይቆምላቸዋል። ሴቶቹ ጎትተው ክቡ ውስጥ አስገቡኝ። በአምስት ልሄድ ብዬ ከፊቴ ካለችው ሴት ተረከዝ ጋር ተጋጨሁ። «ቀስ፣ እማማ» አለችኝ ዞር ብላ። ከዚያ በኋላ እኔም ስድስተኛው ላይ እየቆምኩ ዞርኩ።